አንክሮና ተዘክሮ በጣርማ በር ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፥ እግዚአብሔር ይህን የሚታየውን ዓለም የፈጠረበትን ምክንያት በሁለት ወገን አድርገው ይናገራሉ። አንደኛው ለምግበ ሥጋ ነው፤ እህሉ፥ ውሃው፥ እንጨቱና ሣሩ ለሰው ኑሮ የተሰጡ ናቸውና። ሁለተኛው ለአንክሮና ለተዘክሮ ነው፤ ይኸውም ሰው ፍጥረትን አይቶ እንዲያደንቅ፥ አድንቆም ፈጣሪን እንዲያስብ ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት ሁልጊዜ ተያይዘው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስሉናል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። አንክሮ በዓይን ይጀምራል፤ ድንገት ይመጣል፥ ቶሎም ያልፋል፤ ከሰው የሚጠይቀው ድካም የለም። ተዘክሮ ግን የልብ ሥራ ነው፤ ያዩትን ይዞ መቆየትን፥ ስላዩትም አንድ ነገር ማድረግን ይጠይቃል። በዘመናችን አንክሮ በዝቷል፤ ተዘክሮ ግን አንሷል። ስለዚህ ሁለቱ እንዴት ሊገናኙ እንደሚገባቸው፥ ብዙ ሰው በሚያልፍበትና ቆሞም በሚመለከትበት በአንድ ስፍራ ምሳሌነት ልናስረዳ አስበናል። ስፍራውም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፥ ከደብረ ሲና በላይ የሚገኘው ጣርማ በር ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም በኋላ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት፥ ነፋሱ በሚበረታበት ደጋ እየተጓዘ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ከፍታ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ምድሪቱ ሜዳና ኮረብታ ናት፤ ገደል መኖሩን የሚያመለክት ነገር እምብዛም የለም። ወዲያው ግን ደጋው በሰይፍ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ያልቃል። መንገዱም ጣልያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ የዋሻው ርዝመት ከ500 ሜትር በላይ ነው። ከጨለማው ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል። ከበታቹ ደብረ ሲና በተራራው ደረት ላይ ተቀምጣለች፤ በደቡብ በኩል ጽዱ፥ ዝግባውና ኮሶው የበዛበት የወፍ ዋሻ ደን ይታያል፤ ከዚያ በታች የእርከን እርሻ በእርከን እርሻ ላይ ተደራርቦ ወደ አርማንያ ይወርዳል። ዝቅ ብሎም ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነችው ሸዋ ሮቢትና ማሽላ፥ ጤፍ፥ ማሾም የሚበቅልባት የይፋት ቆላ አለች፤ ከእርሷም ወዲያ ምድሩ በጭጋግ እየተሸፈነ ወደ አዋሽና ወደ አፋር በረሃ ይዘልቃል። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ቆሞ ደጋውን፥ ወይና ደጋውንና ቆላውን ባንድ ጊዜ የሚያይበት ቦታ ይህ ነው።

መንገደኞች በዚህ ስፍራ መኪናቸውን አቁመው ይወርዳሉ፤ በስልካቸው ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ጭላዳ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጭ ይመለከታሉ፤ ወርደውም ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛሉ። ይህን የሚነቅፉ አንዳንድ ሰዎች አሉ። መንፈሳዊ ሰው ዓይኑን ወደ ምድር ጌጥ ማንሣት አይገባውም፥ ዓይንን መጨፈን ይሻላል ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር ራሱ የሠራውን ተመልክቶ መልካም እንደ ሆነ መስክሯል፤ ስለዚህ ፍጥረትን በደስታ መመልከት ፈጣሪን መምሰል እንጂ ኃጢአት አይደለም። አባቶቻችን መነኮሳትም በዓታቸውን በአምባና በገደል አፋፍ ያደረጉት ከሰው ለመራቅ ብቻ አልነበረም፤ ከፍ ያለ ስፍራ ልብንም ከፍ እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። ጥያቄው መመልከት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሳይሆን፥ የተመለከተ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአገሩ ስም ራሱ መልስ ይሰጠናል። በዚህ ደጋ ጫፍ ከሚገኙት አፋፎች አንዱ «የምኒልክ መስኮት» ይባላል። መንገዱ የሚያልፍበት ስፍራ ደግሞ «በር» ተብሏል። በደጋ አገራችን ተራራን አልፈው የሚወርዱበትን ቦታ በር ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ሳንቃ በር የሚባል ስፍራ አለ። እንግዲህ መስኮትና በር በአንድ ተራራ ላይ ተገናኝተዋል። መስኮት ለማየት ነው፤ በመስኮት የሚመለከት ሰው በቤቱ እንደ ተቀመጠ፥ እግሩም ሳይነቃነቅ ያያል። በር ግን ለመውጣትና ለመግባት ነው፤ በበር ያለፈ ሰው ካየው ነገር ጋር ይገናኛል። አንክሮ መስኮት ነው፤ ተዘክሮ በር ነው። መስኮት ብቻ ያለው፥ በር የሌለው ቤት ቢኖር፥ እርሱ እስር ቤት እንጂ ቤት አይባልም። እንዲሁም ማድነቅ ብቻ ያላት፥ ማሰብ የሌላት ነፍስ በራስዋ ደስታ ውስጥ የታሰረች ናት።

ከፍ ባለ ስፍራ ቆመው ስለ ተመለከቱ ሰዎች መጻሕፍት ብዙ ይነግሩናል፤ አመለካከታቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አብርሃምና ሎጥ እረኞቻቸው ተጣልተው በተለያዩ ጊዜ፥ ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ውሃ የጠገበ ለምለም ምድር እንደ ሆነ ተመልክቶም ለራሱ መረጠው። ሎጥ ውሃውን አየ፤ ሣሩን አየ፤ በዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ግን አላየም። አብርሃምም ከጊዜ በኋላ እንግዶቹን ሲሸኝ ያንኑ ሜዳ በሩቅ ተመለከተ። እርሱ ግን ምድሩን አልተመኘም፤ በዚያ ስለሚኖሩት ሰዎች በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ከአምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር እየቀነሰ ለመነ እንጂ። ልብ በሉ፤ ሜዳው አንድ ነው፤ ተመልካቾቹም ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ አይቶ ተመኘ፤ ሁለተኛው አይቶ ጸለየ። ይህን ስንል የይፋትን ቆላ ከሰዶም ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ የተመልካቹን ልብ መመርመራችን ነው እንጂ።

ከዚህም በቀር ፈታኙ ጌታችንን ረጅም ወደ ሆነ ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታትና ክብራቸውን አሳየው፤ ለማየቱም ዋጋው ስግደት እንዲሆን ጠየቀ። በወንጌል እንደምናነበው ግን ጌታችን ከደብረ ዘይት ቁልቁለት ሲወርድ ኢየሩሳሌምን ባያት ጊዜ አለቀሰላት። የከተማይቱ ግንብና መቅደስ ለዓይን ያማሩ ነበሩ፤ እርሱ ግን ከግንቡ በስተ ኋላ ያሉትን ልጆችዋንና የሚመጣባቸውን መከራ አየ። እንግዲህ ከተራራ ላይ ማየት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምረን የለም።

ታዲያ በጣርማ በር ላይ የቆመ ክርስቲያን ምን ሊያስብ ይገባዋል? ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪውንና የራሱን ታናሽነት ያስባል። በዚህ ስፍራ ደመናው ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ገደሉን የሚሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው እንኳን ሸዋ ሮቢትን የመኪናውን ፊት እንኳ በግድ ያያል። ከሩቅ አገር ሊያይ የመጣው ሰው አዝኖ ይመለሳል። ነገር ግን ተራራው አልሄደም፤ ቆላውም አልጠፋም፤ የጠፋው የእኛ ማየት ብቻ ነው። በጸሎት ጊዜ ልባችን ሲደርቅና እግዚአብሔር የራቀን ሲመስለን፥ ይህን ጉም ማስታወስ ይጠቅማል። ባናየውም ያለ አለና።

ሁለተኛም ባልንጀራውን ያስባል፤ የነገራችንም ዋና ፍሬ ይህ ነው። ለተመልካች ውበት የሆነው ያ ቁልቁለት ለነዋሪው ሥጋት ነው። ዓይንን የሚያስደንቀው ገደል በዳገቱ ላይ ቤት ሠርቶ፥ እርሻ አርሶ ለሚኖረው ሰው የዕለት ተዕለት ፍርሃቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር መጀመሪያ፥ ክረምቱ አልቆ ሰው ሁሉ ዐዲሱን ዓመት በተቀበለበት ሰሞን፥ በደብረ ሲና አካባቢ ዳገቱ ተንሸራትቶ ወረደ። ቤት ፈረሰ፥ እርሻም ተቀበረ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ በዚያ ዳገት ላይ ያለው አፈርና የተሰባበረ ድንጋይ ልል መሆኑን፥ የክረምት ዝናብና የምንጭ ውሃ ከውስጥ ሲሞላው ክብደቱ እንደሚጨምርና መያዣ እንደሚያጣ ይናገራሉ። ከበላይ ሆኖ ለሚመለከት ይህ ሁሉ አይታይም። ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ናዳው የወረደበት ስፍራም ሣር ከበቀለበት በኋላ ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ያምራል።

መከራውም የተፈጥሮ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ያለችው የአጣዬ ከተማ በግጭት ተቃጥላ ነዋሪዎችዋ ተሰደዱ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወርም የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና ደርሶ፥ ዛሬ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ይህ ተራራ የውጊያ ስፍራ ሆኖ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ አፋፍ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው ወጥቷል፤ ንውጽውጽታውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከተራራው ላይ ሲመለከቱት ቆላው ጸጥ ያለ፥ ሰማያዊ ሥዕል ይመስላል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ግን ልጅዋን ቀብራ የተመለሰች እናት አለች፤ የተቃጠለ ቤቱን እንደ ገና የሚያቆም አባት አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ገበያ የሚገናኝ፥ በአንድ ምንጭ የሚጠጣ፥ ሐዘኑም አንድ የሆነ ሕዝብ አለ። ይህን ሳያስብ ዕጹብ ድንቅ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው እንደ ሎጥ ውሃውን አይቶ ሰዎቹን ያላየ ነው።

በደብረ ታቦር የሆነውን ነገር እንመልከት። ጌታችን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ወደ ተራራ አውጥቶ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ፥ ጴጥሮስ በዚያ መኖርን ወደደ፤ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። የጴጥሮስ አሳብ የሚያስነቅፍ አይመስልም፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን የሚታይ አለና? ነገር ግን ጌታችን ዳስ አላሠራውም፤ ይዞአቸው ወረደ። ከተራራውም እግር ሲደርሱ በመንፈስ ርኩስ የሚሠቃይ ልጅ ይዞ የሚያለቅስ አባት አገኛቸው፤ ከታች የቀሩት ደቀ መዛሙርትም ሊፈውሱት አልቻሉም ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው በዓል የተራራው ብርሃን በዓል ነው፤ ወንጌሉ ግን በተራራው ራስ ላይ አያበቃም፥ በእግሩ ሥር ይፈጸማል እንጂ። ሙሴም በደብረ ሲና አርባ ቀን ከቆየ በኋላ የወረደው ወደ ሕዝቡ ነው፤ ያገኛቸውም በጥጃው ዙሪያ ሲዘፍኑ ነው። ይህች የሸዋ ከተማም የሙሴን ተራራ ስም ይዛ በተራራው ራስ ላይ ሳትሆን በቁልቁለቱ ላይ መቀመጥዋ፥ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው። ክብርን ያየ ሰው ሁሉ ወደ ታች ይላካል።

ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገባው አገር ደግሞ ተዘክሮ በሥራ ሲገለጥ የሚታይበት ስፍራ አለ፤ እርሱም ጓሳ ነው። የመንዝ አባቶች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ይህን የሣር ምድር በሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ለጣራ መክደኛና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ማንም እንደ ወደደ እንዳያጭድ፥ ከብትም እንዳያስገባ ይከለክሉ ነበር፤ ክልከላውም አንዳንድ ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ እንደ ነበረ ይነገራል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ካስቀረ በኋላም ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። እኛ ይህን ሥርዓት የምድር ጾም ብንለው አንሳሳትም። ጾም ማለት የሚቻለውን መተው፥ እጅን መሰብሰብ ነውና። ዛሬ መንገደኛው የሚያደንቀው ያ ሣር፥ ችግር ሳለባቸው ማጭዳቸውን ያቆዩ ድሆች ገበሬዎች ትዕግሥት ነው። የወፍ ዋሻም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ችግኝ ከዚህ ደን አስወስደው በመናገሻ አስተከሉ እየተባለ በትውፊት ይነገራል። በስሜን ተራሮችም ዓለም የሚያደንቀው ፓርክ እንዲጠበቅ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው ምድር ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ስለዚህ ማንኛውም ያማረ እይታ ዋጋ የከፈለለት ሰው እንዳለው እናስብ፤ ያንን ሰው ሳያመሰግኑ ማድነቅ የሰውን ማዕድ በልቶ ባለቤቱን አለማወቅ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ነገሩን ወደ ሥራ እናምጣው። ይህ መንገድ የግሸን ማርያምና የላሊበላ ተሳላሚ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በአፋፉ ላይ በቆማችሁ ጊዜ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉ፤ አቡነ ዘበሰማያትም ድገሙ፤ ከበታቻችሁ ስላሉት ነዋሪዎች፥ ክርስቲያን እስላም ሳትሉ፥ ሰላምንና ጤናን ለምኑ። የጠጣችሁበትን ፕላስቲክ ወደ ገደሉ አትወርውሩ፤ ከበታች የሚጠጣ ሰውና የሚግጥ ከብት አለና። ለጭላዳው ዳቦ አትስጡት፤ እግዚአብሔር የሰጠው ሣር አለው፤ የሰው እጅ የለመደ እንስሳ መንገድ ዳር ውሎ በመኪና ይሞታል። ቆሎ የምትሸጠዋን እኅት በጥቂት ሳንቲም አታስጨንቋት። መኪና የምትነዱም ሁሉ፥ በዚያ ቁልቁለት የምትሸከሙት የሰው ነፍስ መሆኑን አትርሱ፤ የቸኮለ ሰው ራሱን ብቻ ይዞ አይወድቅም።

ካህናት ወንድሞቻችንም በቅዳሴ ጊዜ ስለ መንገደኞች፥ ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ የምንለምነውን ልመና ለሕዝቡ ተርጉመን እናስረዳው። በዳገት ላይ ያለውን ዛፍ መቁረጥና የውሃ መውረጃን መዝጋት የጎረቤትን ቤት መናድ መሆኑን እናስተምር። በየደብሩ ዙሪያ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደን አባቶቻችን እንደ ጠበቁት እንጠብቀው፤ የጎደለውንም እንትከል። ናዳ የሚያሠጋው ስፍራ በባለሙያ ሲታወቅ፥ ገበሬው ያባቶቹን ቀዬ ትቶ መነሣት ቢከብደው፥ አብረነው ሆነን እንምከረው፤ በተዛወረበትም ስፍራ አንርሳው። ዘመድ የሞተበትን፥ ቤት የተቃጠለበትን በፍታትና በተዝካር ብቻ ሳይሆን በእህልና በጉልበት እናስበው። ተዘክሮ ማለት ይህ ነው፤ ማስታወስ ብቻ ሳይሆን ባስታወሱት ነገር መድረስ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጌታችን በክብሩ ሲመጣ፥ በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተነገረው፥ ምን ያህል ተራራ አየህ ብሎ አይጠይቀንም። የተራበውን፥ የተጠማውን፥ እንግዳውን፥ የታረዘውንና የታመመውን አይተን ምን እንዳደረግን ይጠይቀናል እንጂ። በዚያን ጊዜ በግራ የሚቆሙት መቼ አየንህ ብለው መመለሳቸው የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ዓይን ሳያጡ ሳያዩ ኖረዋልና። ስለዚህ ዓይናችንን ለማድነቅ የከፈተ አምላክ ልባችንንም ለማሰብ ይክፈትልን፤ በመስኮት አይተን እንዳንቀር በበሩ ያሳልፈን፤ በዳገት የሚኖሩትን ከናዳ፥ በቆላ የሚኖሩትን ከእሳትና ከጦር፥ በመንገድ ያሉትን ከአደጋ ይሰውርልን፤ የአገራችንንም ሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።